ንጉሡ ሠ ተኝቶ

ባለፈው ወር መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ የዓይን ምርመራ ክፍል ገባሁ። ግድግዳው ላይ ያው የማውቀው ንጉሡ ሠ አለ፤ ቆሞ፣ ተኝቶ፣ ተገልብጦ። ነርሷ በዘንግ እየጠቆመች «አባባ፣ እግሩ ወዴት ነው?» ትለኛለች። እኔም በእጄ አሳያለሁ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች። አምስተኛው መስመር ላይ ስደርስ እጄ አየር ላይ ቀረ። 73 ዓመቴ ነው። ከ1968 እስከ 2009 ዓ.ም. በሹፌርነት መሪ ጨብጬ ኖሬያለሁ።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ መኪናውን አዲስ አበባ ሲያስገባ፣ ዓይንህን ልመርምር ያለው ያለ አይመስለኝም። ዳግማዊ ምኒልክ ኋላ ነጋድራስ የሆኑትን ተሰማ እሸቴን ጀርመን ልከው የመኪና ሙያ አስተማሯቸው። ሰው ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳው እዚያው ባስቀረጹት ሸክላ ነው። እኔ ግን ሹፌር ናቸው ብዬ ነው የምኮራባቸው።

የሹፌር ቋንቋችንን የሰጠን ጣሊያን ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ ሁሉም የእሱ ነው። ፊያት 634ን «ትሬንታ ኳትሮ» ብለን የጠራነውም ከእሱ ሰምተን ነው። እኔ በ1960 ረዳት ሆኜ የገባሁት ግን ኤን ትሬ በሚባለው የጭነት መኪና ነው። ያኔ ትምህርት ቤቱ ረዳትነት ነበር። ጭነት ላይ ትተኛለህ፣ ጎማ ትፈታለህ፣ ጣርማ በር ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ታኮ ይዘህ ትዘላለህ።

አለቃዬ የአሰብን መንገድ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. አገሩ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ሲዞር ብዙ ዘመን ነድተው ስለነበር፣ ከብት ድንገት ከገባባቸው እጃቸው አሁንም ወደ ግራ ይሄድ ነበር። ይህንንስ ለመድኩት። ያልለመድኩት ሌላ ነው። ሲመሽ «አንተ ልጅ፣ የሚመጣው ምንድን ነው?» ይሉኛል። «አውቶቡስ ነው፣ ጋሼ።» «ርቋል?» «ድልድዩ ጋ ደርሷል።» መጀመሪያ ንቃቴን የሚፈትኑ መስሎኝ ነበር። አንድ ምሽት ባቲ ቁልቁለት ላይ የቆመች ጋሪ ሳያዩ ሊሄዱባት ሲሉ ጮህኩ። ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ ዓይናቸው እኔ ነበርኩ። ሞተሩን በጆሮ፣ መንገዱን በቃላቸው፣ የቀረውን በእኔ ይነዱ ነበር። ለመኪናው ባለቤትም ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ረዳት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ በየሆቴሉ ስንገናኝ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን።

መንጃ ፈቃድ ያኔ ማዕረግ ነበር። ከአንደኛ ደረጃ እስከ አምስተኛ ይሄዳል፤ ተሳቢ የሚጎትተው አምስተኛው ነው። ለእኔ ሚስት ሊጠይቁ የሄዱት ሽማግሌዎች ከዘሬ በፊት የተናገሩት «አምስተኛ አለው» የሚለውን ነው። ፈተናውን የወሰድኩት ዳገት ላይ ነው። ፈታኙ ከኋላ ጎማዬ ሥር የክብሪት ቀፎ አኖረና «ሳትጨፈልቅ ተነስ» አለኝ። ቀፎውን ለብዙ ዓመታት ኪሴ ይዤው ዞሬያለሁ።

ከዚያ አዋጅ ቁጥር 600/2000 መጣና የድሮው ደረጃ ቀርቶ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ ተባልን። የነዳጅ ቦቴ የሚነዳው ጓደኛዬ ፈሳሽ ሆነ፤ እኔ ደረቅ ሆንኩ። ባለቤቴ አዲሱን ካርድ አይታ «ድሮም ደረቅ ነህ፤ መንግሥት ገና አሁን ሰማ» አለች። ያኔ የአሰብ መንገድም በ1990ው ጦርነት ከተዘጋ ቆይቶ ነበር፤ ሁላችንም ወደ ጅቡቲ ዞረን ነበር።

እናም ነርሷ «አባባ፣ አልታየዎትም?» ስትለኝ ልከራከራት አልፈለግኩም። አንዳንድ እኩዮቼ ሰንጠረዡን ከሰው ሰምተው በቃል አጥንተው ይገባሉ፤ ይህ ነውር ነው። የከተማ መኪና ላይ ረዳት የለም፤ «ምንድን ነው የሚመጣው?» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ አጠገብህ አይቀመጥም። «አልታየኝም፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ሐኪሙ ቀኝ ዓይኔ ላይ ሞራ አገኘ። ለቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ይዣለሁ፤ እስከዚያው መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች፣ ቁልፉም ሴት ልጄ ጋ ነው።