ፀረ-ኦክሲዳንቶች በዕፅዋት ሕዋስ ውስጥ

የዕፅዋት ፀረ-ኦክሲዳንቶች በሕዋስ ውስጥ ከኦክስጅን የሚፈጠሩ ጎጂ ሞለኪውሎችን የሚያመክኑ ውህዶችና ኢንዛይሞች ናቸው። ከውህዶቹ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ግሉታታዮንና ካሮቲኖይዶች፣ ከኢንዛይሞቹ ደግሞ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝና ካታሌዝ በዋናነት ይጠቀሳሉ። ተክሉ እነዚሁኑ ጎጂ ሞለኪውሎች በሽታን ለመመከት ስለሚጠቀምባቸው፣ የፀረ-ኦክሲዳንቶቹ ሥራ ጨርሶ ማጥፋት ሳይሆን መጠናቸውን በልክ መያዝ ነው።

ጎጂዎቹ ሞለኪውሎች ከሚፈጠሩባቸው ቦታዎች ዋነኛው ቅጠል በብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅበት ክሎሮፕላስት ነው። ድርቅ ሲበረታ ቅጠሉ ውሃ እንዳያባክን ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። በዚያው ልክ የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ፀሐይዋ ግን ማብራቷን አታቆምም። በብርሃኑ ጉልበት የተነሡ ኤሌክትሮኖች መድረሻ ሲያጡ ወደ ኦክስጅን ይሻገሩና ሱፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። ከእሱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገኛል፤ ይህም ከብረት ጋር ሲገናኝ የሕዋስ ሽፋንን፣ ፕሮቲንንና ዲኤንኤን የሚያበላሸው ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወለዳል። ፓራኳት የተባለው ፀረ-አረም የሚገድለውም በዚሁ መንገድ ነው፦ ኤሌክትሮኖችን ከፎቶሲንተሲስ ነጥቆ ለኦክስጅን ያቀብላል። የተረጨው አረም ፀሐይ ካገኘው በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል።

መከላከሉ የቅብብሎሽ ሥራ ነው። ጆ ማኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች በ1969 እ.ኤ.አ. ተግባሩን የገለጹት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ፣ ሱፐርኦክሳይድን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጣል። ይህን ደግሞ ፐርኦክሲሶም በተባለው የሕዋስ ክፍል ካታሌዝ፣ በክሎሮፕላስት ውስጥ ቫይታሚን ሲ ከኢንዛይም ጋር ሆኖ ወደ ውሃ ይመልሱታል። ያገለገለውን ቫይታሚን ሲ ግሉታታዮን ያድሰዋል። ይህ ዑደት በሦስት ተመራማሪዎች ስም የፎየር፣ ሃሊዌልና አሳዳ ዑደት ይባላል። ቫይታሚን ኢና ካሮቲኖይዶች በበኩላቸው የክሎሮፕላስቱን ሽፋን ይጠብቃሉ።

አንዱ ዘብ ሲጎድል ጉዳቱ በግልጽ ይታያል። አራቢዶፕሲስ በተባለችው የቤተ ሙከራ ተክል ላይ ቫይታሚን ሲ የማምረት አቅማቸው በዘር ለውጥ የተዳከመ ዝርያዎች ተገኝተዋል፤ ጤነኞቹ በሚቋቋሙት የኦዞን መጠን ቅጠላቸው ይጎዳል።

የአረቢካ ቡና ጉዳይ ለኢትዮጵያ ገበሬ ቅርብ ነው። ቡናው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ተወላጅ ሲሆን፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር ማደግ የለመደ ነው። ጥላ በሌለበት ሲተከል ቅጠሉ ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ብርሃን ይደርሰዋል፤ የፀረ-ኦክሲዳንቶቹም ጫና ይበዛል። የጥላ ዛፍ ይህን ጫና ከምንጩ ይቀንሳል።

በሽታ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ጃፓናዊው ኖሪዩኪ ዶኬ በ1983 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የድንችን ቅጠልና ፍሬ የሚያበሰብሰው ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ በሽታውን የሚቋቋም ድንች ሲያጠቃ፣ የድንቹ ሕዋሳት ራሳቸው ሱፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ። የተጠቃው ሕዋስና አጎራባቾቹ ፈጥነው ይሞታሉ፤ ተሕዋሲውም በሞተ አካል ተከቦ ይቀራል። በዓይን የሚታየው ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ሂደቱን ለማየት ቅጠሉን ዳያሚኖቤንዚዲን በተባለ ኬሚካል ይነክሩትና አረንጓዴ ቀለሙን በትኩስ አልኮል ያወጡታል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የነበረበት ስፍራ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ሞቱ ከዚያ አልፎ ጤነኛውን የቅጠል ክፍል እንዳያዳርስ የሚያግደው በዙሪያው ባሉት ሕዋሳት ያለው ፀረ-ኦክሲዳንት ነው።

ይህ ስልት ለሁሉም በሽታ አይሠራም። የስንዴ ዋግ የሚኖረው ከሕያው ሕዋስ እየተመገበ ስለሆነ የሕዋሱ ሞት ያስቆመዋል። በወይንና በእንጆሪ ላይ ግራጫ ሻጋታ የሚያመጣው ቦትራይቲስ ግን የሞተ አካል ይመቸዋል፤ የሕዋሱ ሞት መንገድ ይጠርግለታል። ስለዚህ በሽታ የሚቋቋም ዝርያ የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች አስቀድመው የሚለዩት፣ ተሕዋሲው ከሕያው ወይስ ከሙት ሕዋስ እንደሚመገብ ነው።