ዊንዶውሱ የበላው አማርኛ

ፎርማት ተደርጎ በመጣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የራሱን ጽሑፍ ማንበብ ያቃተው ሰው እጁን ያውጣ! እኔ አውጥቻለሁ። ቦታው ሉማሜ ነው፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ በመስኮት አይታችሁ የምታልፏት ከተማ። ጊዜው የ2001 ዓ.ም. ክረምት። የአክስቴ ልጅ እዚያ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ፕሪንተር ያላት የጽሕፈት ሥራ ቤት ነበረችው። ማሽኗን ቫይረስ ጨረሳትና አንድ ባለሙያ መጥቶ አጥቦ፣ አዲስ ኤክስፒ ጭኖባት ሄደ። ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ሁሉም ዲ ላይ ተቀምጠዋል።

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። አንድ አባት ያምናውን የመሬት ማመልከቻቸውን ቀኑን ብቻ ቀይረን እንድናትምላቸው መጡ። ፋይሉ ሲከፈት ዶላር፣ ቅንፍ፣ ኮፍያ ያደረጉ የላቲን ፊደሎች ተደረደሩ። አባባ ጎንበስ ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይኸ እኮ ፈረንጅኛ ነው፤ የኔው በአማርኛ ነበር» አሉ።

እኛ አዲሱን ዊንዶውስ ረገምነው። በኋላ እንደገባኝ ግን ልክ የነበሩት አባባ ናቸው። ዊንዶውሱ አማርኛውን አልበላውም፤ ሲጀመርም ፋይሉ ውስጥ አማርኛ አልነበረም።

ነገሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን ፎንት አንድ ላይ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፣ ያውም የተወሰነው ለሌላ ሥራ የተያዘ። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሳይጨመሩ። (ታይፕራይተሩም ይኸው ጣጣ ነበረበት። የኢንጂነር አያና ብሩ መሣሪያ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ ነበር የሚመታው።) እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አማርኛን ኮምፒዩተር ላይ ሲያወጡ፣ በ1990ዎቹም ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ የየቢሮው እንጀራ ሲሆኑ፣ የነበረው መላ አንድ ነው፦ በላቲኑ ቁጥር ላይ የግዕዝ ሥዕል መለጠፍ። አንዳንዱ ፊደሉ አልበቃ ሲለው ለሁለት ፎንት ያካፍለው ነበር። ክፋቱ ሁሉም ሥዕሉን የለጠፈው በየራሱ ቦታ ነው። በአንዱ «ሰ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጭምብሉ ይወልቅና ላቲኑ ብቅ ይላል።

ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ደግሞ ፎንቱን ትተው ሴራ የተባለ አጻጻፍ አወጡ፤ አማርኛን በተራ የላቲን ፊደል መጻፊያ ነው፣ ትንሹ ቲ ለ«ተ»፣ ትልቁ ቲ ለ«ጠ»። ለኢሜይል ዘመን ብልሃት ነበር፣ ለዓይን ግን ይከብዳል። እውነተኛው መፍትሔ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 የራሱ ቁጥሮች ሰጠው። «ሰ» በየትም ማሽን «ሰ» ሆነ ማለት ነው።

ግን ቁጥር ብቻውን አይታይም፣ ሥዕልም ያስፈልገዋል። ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ድረ ገጽ ላይ አማርኛው ሁሉ የካሬ ሣጥን ሰልፍ ይሆን የነበረው ለዚህ ነው። ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላን ይዞ ሲመጣ ሣጥኖቹ ተከፈቱ። ዊንዶውስ 10 በ2015 ኒያላን ወደ አማራጭ ፎንቶች አዛወረው፤ ብዙ ሰው «ጽሑፌ መልኩ ተለወጠ፣ ገጹ ተዛነፈ» ብሎ ደነገጠ። ኤብሪማ የሚባለው ፎንት ተክቶት ነው እንጂ አንዲት ፊደል አልጠፋችም።

ስለዚህ አዲስ ሲስተም ጭናችሁ ሣጥን ካያችሁ አትደንግጡ፣ ፎንት ጫኑ። የላቲን ዝብርቅርቅ ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ! ኒያላን ብትመርጡለትም ላቲኑን በኒያላ ያሳያችኋል እንጂ አማርኛ አይሆንም። ጽሑፉ ላይ ክሊክ አድርጋችሁ ዎርድ የፎንቱን ስም ምን እንደሚል እዩ፤ ፎንቱ ማሽኑ ላይ ባይኖርም ስሙ እዚያው ተጽፎ ይቆያል። ያንን ፎንት ፈልጉ። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንኑ ስም ነው።

የአባባን ማመልከቻ ያዳነውም ስሙ ነው። ፎንቱ ከማርቆስ በፍላሽ መጣና በሳምንቱ ታትሞላቸው ሄዱ። የሰፈሩን ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ግን የአክስቴ ልጅ በዚያች ቀን በድንጋጤ ሙሉውን መርጦ ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ቀይሮ ሴቭ አድርጎት ነበር። በሁለት ፎንት የተከፈለ ጽሑፍ ኖሮ፣ አሁን ግማሹ ፊደል ትክክል ሲመጣ ግማሹ ይዘበራረቃል። የትኛው ከየትኛው እንደነበር የሚናገር ምልክት ፋይሉ ውስጥ አልቀረም። ደንቡን ሽማግሌዎቹ ካስታወሱት ላይ እንደ አዲስ ጻፉት፤ የመዋጮው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ሦስት እሑድ ተከራከሩ።