ከእንጦጦ ማገዶ እስከ ኤታኖል ምድጃ

በየካ ክፍለ ከተማ ከኮተቤና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስተው ወደ እንጦጦ ተራሮች የሚያቀኑት አቀበቶች ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባ የማገዶ መንገዶች ሆነው አገልግለዋል። ሴቶች የባህር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው በእነዚህ መንገዶች ወደ ከተማዋ ገበያዎች ሲያወርዱ ኖረዋል። የአንዲት ሴት ሸክም ከ30 ኪሎ ግራም በላይ መሆኑ የተለመደ ሲሆን፣ አንዳንዴም ከራሷ ክብደት ጋር ይቀራረባል። ባዮፊዩል የሚለው ቃል በመንግሥት ሰነዶች የኤታኖልና የባዮዲዝል መጠሪያ ሆኖ ቢለመድም፣ በሰፊው ትርጉሙ ከዕፅዋት የሚገኝ ነዳጅን ሁሉ ያጠቃልላል። በዚህ ረገድ የእንጦጦ ሴቶች የመዲናዋ ቀደምት የባዮፊዩል አቅራቢዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

እንጦጦ ከጥንትም የባህር ዛፍ ተራራ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ መናገሻቸውን ከተራራው ላይ አውርደው እ.ኤ.አ. በ1886 አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ፣ በአካባቢው የነበረው የጽድ ደን ለግንባታና ለማገዶ በመዋሉ በአጭር ጊዜ ተመናምኗል። የማገዶ እጥረቱ እየበረታ በመምጣቱም ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ሐሳቡ እንዲቀር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በ1890ዎቹ ወደ አገሪቱ የገባው ባህር ዛፍ ነው። ዛፉ በፍጥነት የሚያድግና ከተቆረጠ በኋላም ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ ከተማዋን በቦታዋ አጽንቷታል። የጽዱ ቅሪት ዛሬ ይበልጥ የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ነው።

መንግሥት ከዘመናዊው ባዮፊዩል ጋር በስፋት የተያያዘው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በዚያ ዓመት በማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የተዘጋጀው የባዮፊዩል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ ኤታኖልን ከስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ፣ ባዮዲዝልን ደግሞ ከጃትሮፋ፣ ከጉሎና ከመሰል ተክሎች ማግኘትን መሠረት አድርጓል። ለባዮዲዝል ተክሎች ተስማሚ የሆነ 23.3 ሚሊዮን ሄክታር መሬት እንዳለም ገምቷል። በቀጣዩ ዓመት የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከእንጦጦ ጀርባ በምትገኘው ሱሉልታ ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ መጠን እየተደባለቀ ለአዲስ አበባ ተሽከርካሪዎች መቅረብ ጀመረ። ድርሻው እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ የነበረ ቢሆንም፣ ከጊዜ በኋላ በኤታኖል አቅርቦት ማነስ ምክንያት ድብልቁ ተቋርጧል።

ኤታኖሉ ለመኪና ብቻ የተፈለገ አልነበረም። ጋያ ማህበር ቀደም ብሎ፣ ከ2004 አንስቶ፣ ክሊን ኩክ የተሰኘውን የኤታኖል ምድጃ በአዲስ አበባ ቤተሰቦች ዘንድ ሞክሯል። የምድጃው ጣሳ 1.2 ሊትር ያህል ኤታኖል በውስጡ ባለው ቃጫ መሰል ነገር መጥጦ ይይዛል። ጋዙ በግፊት የታመቀ ስላልሆነ የመፈንዳት አደጋ የለበትም፤ ጥላሸትና ጭስም የለውም ለማለት ይቻላል። ማህበሩ ይህንኑ ምድጃ ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር በመሆን በሶማሌ ክልል ቀብሪበያህ ለሚገኙ ስደተኞች አዳርሶ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሽደን ሽልማትን አግኝቷል። ሆኖም የቤንዚን ድብልቁ ሲጀመር ምድጃውና መኪናው ለአንድ ፋብሪካ ምርት ተሻሚ ሆኑ። ከውጭ በውድ ምንዛሪ የሚገባን ነዳጅ መቀነስ ለመንግሥት አንገብጋቢ በመሆኑ ሚዛኑ ወደ መኪናው ቢያጋድል አያስገርምም። ጉዳቱ ግን በእናቶች ማእድ ቤት ላይ ማረፉ አልቀረም።

ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የታሰበው የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማህበርን ያሳተፈ አነስተኛ የኤታኖል ማምረቻ ነው። በቀን 1 ሺህ ሊትር ያህል ከሞላሰስ ለማምረት የታቀደ ሲሆን፣ እንጨት በመሸከም ይተዳደሩ የነበሩ ሴቶች ነዳጅ አምራችና ሻጭ እንዲሆኑ ያለመ ነበር። ከአንድ ቶን ሞላሰስ 250 ሊትር ገደማ ኤታኖል ስለሚገኝ ለዕለቱ ምርት 4 ቶን ሞላሰስ ያስፈልጋል። ሸንኮራ አገዳ ደግሞ በእንጦጦ ደጋ አይበቅልም። ጥሬ ዕቃው ከመተሐራ ወይም ከሌላ ቆላማ ሥፍራ ተጭኖ መምጣት ይኖርበታል፤ የመጓጓዣው ወጪም በነዳጁ ዋጋ ላይ ይደመራል። ከዚህም ሌላ የኤታኖል ምድጃ ለወጥና ለቡና እንጂ ለእንጀራ ምጣድ አይሆንም። ከአንድ ቤተሰብ የማገዶ ፍጆታ ግማሽ ያህሉን የሚወስደው ምጣዱ በመሆኑ፣ ኤሌክትሪክ ወይም እንደ ምርጥ ምድጃ ያለ ማገዶ ቆጣቢ ካልታከለበት የእንጦጦ ቅጠል ፈላጊ አያጣም።

አነስተኛ ይዞታ ያላቸው አርሶ አደሮችስ ምን ድርሻ ነበራቸው? በወላይታ እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ አርሶ አደሮች ከኩባንያ ጋር ተዋውለው በምግብ ሰብል ማሳቸው ላይ ጉሎ ዘርተው ነበር። ወቅቱ የድርቅና የምግብ እጥረት ጊዜ በመሆኑ ብዙዎችን ለችግር ዳርጓል። በአማራ ክልል ባቲ ጃትሮፋ በአጥርነትና በአፈር መከላከያነት ይታወቃል፤ ፍየል አይበላውም። ይሁን እንጂ በደረቅና በተራቆተ መሬት ላይ የሚሰጠው ፍሬ ከተወራለት እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በሞዛምቢክ ዶንዶም እ.ኤ.አ. በ2012 ከአርሶ አደሮች ካሳቫ የምድጃ ኤታኖል ማምረት ተጀምሮ ሳይዘልቅ ቀርቷል።

ከእነዚህ ይልቅ ሥር የሰደደው ያለ ፋብሪካ የተስፋፋው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ልምድ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሮች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክላሉ፤ በሁለተኛው ሣሩን ያጭዳሉ፤ ዛፉ ከ4 እስከ 5 ዓመት ሲሞላው ቆርጠው ከሰል ያከስሉና ማሳውን መልሰው ጤፍ ይዘሩበታል። ዛፉ ናይትሮጂን ወደ አፈር የሚጨምር በመሆኑ በአሲድ የተጎዳው መሬት አገግሟል። ከሰሉም በጎጃም መንገድ ሱሉልታን አልፎ፣ የእንጦጦን ቁልቁለት ወርዶ አዲስ አበባ ይገባል።

ይህ ልማትም ከአደጋ አላመለጠም። ከ2020 ወዲህ የተከሰተው የዋግ በሽታ ችግኞችንና ለጋ ዛፎችን በስፋት በማድረቁ፣ ማሳቸውን በሙሉ በአንድ ዝርያ የሸፈኑ አርሶ አደሮች ገቢያቸውን አጥተዋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ፣ ቀድሞ ጭራሮ ይለቀምበት ከነበረው ተራራ ከፊሉ የመዝናኛ ሥፍራ ሆኗል።