ጠመኔ፣ መፈክርና ቲሸርት፦ የኪት ሄሪንግ ሱቅ

ኪት ሄሪንግ ሠዓሊም፣ መፈክር ጸሐፊም፣ ባለ ሱቅም ነበር። በ1980ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ የሠራቸው ሥዕሎች በጥቂት ወፍራም መስመሮች የተገነቡ ናቸው፤ መፈክሮቹም ከሦስት ከአራት ቃል እምብዛም አያልፉም። ሁለቱም የሚያስቁና የሚቆነጥጡ ናቸው። ሥራዎቹ በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በቲሸርት፣ በባጅና በእጅ ሰዓት ላይም ወጥተዋል። ይህም ሥዕል ሲቸረቸር ክብሩን ያጣል ወይስ አያጣም የሚል ክርክር አስነሥቷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ሄሪንግ የተወለደው ግንቦት 4 ቀን 1958 በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ሬዲንግ ከተማ ሲሆን ያደገው በአቅራቢያዋ በምትገኘው ኩትዝታውን ነው። ካርቱን መሣል ያስተማረው አባቱ ነበር። ከአባቱ ቀጥሎ በልጅነቱ የሳቡት የዋልት ዲዝኒና የዶክተር ስዩስ ሥዕሎች ናቸው። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ ፒትስበርግ ሄዶ የማስታወቂያ ሥዕል ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን ሙያው ስላልማረከው አልገፋበትም። በ1977 መንገድ ላይ ባገኘው መኪና ሁሉ እየተሳፈረ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ ስንቁን የሸፈነው ራሱ ያተማቸውን ቲሸርቶች በመሸጥ ነበር። ሥዕል ከመሸጡ በፊት ቲሸርት ሸጧል ማለት ነው።

በ1978 ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ ስኩል ኦፍ ቪዥዋል አርትስ ገባ። በዚያም ምልክት እንዴት ትርጉም እንደሚይዝ የሚያጠናው የሴሚዮቲክስ ትምህርት አስተሳሰቡን ቀረጸው። ደራሲው ዊልያም በሮውዝ የታተመ ጽሑፍን እየቆራረጠ እንደ አዲስ የሚገጣጥምበት ዘዴም ማረከው። በ1980 ሄሪንግ ይህንን ዘዴ ጎዳና ላይ አወጣው። ከጋዜጣ የቆረጣቸውን ቃላት አገጣጥሞ የሐሰት ርዕሰ ዜና ሠራ፤ አንዱ ፖለቲከኛው ሮናልድ ሬገን በጀግና ፖሊስ እንደተገደሉ ያበስራል። እነዚህን ፎቶኮፒ እያደረገ በመብራት ምሰሶና በጋዜጣ መሸጫ ላይ ለጠፋቸው። አላፊ አግዳሚው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ቀልድ መሆኑ ይገባዋል። በዚያው ዘመን ሄሪንግ «ግልባጮች፣ ወደ ቤታችሁ!» የሚል ትርጉም ያለውን መፈክር በኢስት ቪሌጅ የእግረኛ መንገድ ላይ በቀለም አተመ። የታለመው ከጎረቤት ሰፈር በሚመጡ፣ ልብሳቸውም ጸጉራቸውም አንድ ዓይነት በሆነ ወንዶች ላይ ነበር።

ስሙን ከተማው ሁሉ ያወቀው ግን ከመሬት በታች በሠራው ሥራ ነው። በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች የኪራይ ጊዜው ያለፈ ማስታወቂያ በጥቁር ወረቀት ይሸፈን ነበር። ሄሪንግ ከ1980 መጨረሻ እስከ 1985 በዚያ ወረቀት ላይ በነጭ ጠመኔ ይሥል ነበር፤ በአንድ ቀን አርባ ያህል የሠራበትም ጊዜ አለ። አሣሣሉን የወሰነው ሁኔታው ነው። ፖሊስ ሊደርስ ስለሚችል መፍጠን ያስፈልጋል፤ ጠመኔም እርማት አይቀበልም፤ ባቡር የሚጠብቀው መንገደኛ ደግሞ ሥዕሉን በአንድ እይታ መረዳት አለበት። ጨረር የሚረጨው ዳዴ ባይ ሕፃን፣ የሚጮኸው ውሻና በራሪው ሰሐን የተወለዱት በዚህ ጥድፊያ ነው። ሄሪንግ ብዙ ጊዜ ተይዞ ተቀጥቷል። ሥዕሉን ማን እንደሠራው ለሚጠይቁት ደግሞ የሕፃኑ ምስል ያለበትን ባጅ በነፃ ያድል ነበር። ኋላ የንግዱ መለያ የሆነው ምስል በመጀመሪያ ከሰው ደረት ላይ የዋለው ያለ ክፍያ ነው።

በ1982 በቶኒ ሻፍራዚ ጋለሪ ያሳየው ዐውደ ርእይ የሥራዎቹን ዋጋ ሰቀለው። የባቡር ጣቢያ ሥዕሎቹንም ሰዎች እየገነጠሉ መሸጥ ጀመሩ፤ ለሕዝብ በነፃ የተሠራው ሥራ ገበያ ሲወጣ ሄሪንግ ጣቢያዎቹን ተወ። በሌላ በኩል አስመሳዮች ሥዕሉን በቲሸርት እያተሙ ይነግዱበት ነበር። ሠዓሊው በራሱ ሥዕል የሚጠቀሙት ሀብታም ሰብሳቢዎችና አስመሳዮች ብቻ መሆናቸውን ተመለከተ።

በእነዚሁ ዓመታት ብዕሩና ቀለሙ ለፖለቲካም ውለዋል። ሰኔ 1982 በሴንትራል ፓርክ ለተካሄደው የጸረ ኒውክሌር ሰልፍ 20,000 ፖስተር በራሱ ወጪ አሳትሞ አደለ። በ1985 የአፓርታይድን ሥርዓት የሚያወግዘውን «ደቡብ አፍሪካ ነፃ ትውጣ» የተሰኘ ፖስተር ሠራ፤ በፖስተሩ ላይ ግዙፍ ጥቁር ሰው አንገቱ ላይ ገመድ ያሰረበትን ትንሽ ነጭ ሰው ይረግጣል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 13 ቀን በኢትዮጵያ ለደረሰው ረኃብ እርዳታ ለማሰባሰብ ፊላደልፊያ ላይ በተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት መድረክ ላይ ቆሞ ሥሏል።

ሚያዝያ 1986 ሄሪንግ በሶሆ ሰፈር፣ ላፋዬት ጎዳና ቁጥር 292 «ፖፕ ሾፕ» የተባለውን ሱቅ ከፈተ። ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ በነጭ መደብ ላይ በጥቁር መስመር የተሣለ በመሆኑ ገዢው ሥዕል ውስጥ ገብቶ ሥዕል ይገዛ ነበር ማለት ይቻላል። ቲሸርት፣ ፖስተር፣ ባጅ፣ መጫወቻና የመሳሰሉት በተመጣጣኝ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ቀራጺው ክሌስ ኦልደንበርግ በ1961 በኒውዮርክ የራሱን ቅርጻ ቅርጾች እንደ ሸቀጥ ያቀረበበት «ዘ ስቶር» ቀዳሚ አርአያው ነው፤ የቅርብ ወዳጁ አንዲ ዋርሆልም አበረታታው። በዚያው ዓመት ለስዋች ኩባንያ የእጅ ሰዓቶችን ነደፈ።

ሐያስያን ራሱን ለገበያ አዋለ ሲሉ ወቀሱት። የሄሪንግ መልስ ግልጽ ነበር፤ ሥዕሉን ውድ አድርጎ ለጥቂቶች ከመሸጥ ይልቅ የብሮንክስ ልጅ ባለው ገንዘብ እንዲገዛው ማድረግ የባቡር ጣቢያው ሥራ ቀጣይ ነው የሚል። በ1988 በቶኪዮ በመርከብ ኮንቴይነሮች የሠራው ሁለተኛው ሱቅ ግን አልዘለቀም፤ አስመሳዮች ቀድመው ገበያውን ስለሞሉት ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

የመፈክሩን ጉልበት ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ሥራ ግን ለሽያጭ አልቀረበም። በሰኔ 1986 ሄሪንግ ረዳቱ በክራክ ኮኬይን ሱስ ሲሠቃይ አይቶ መኪና ተከራየ፤ ቀለምና መሰላል ጭኖም በሃርለም፣ 128ኛው መንገድ አጠገብ ወደሚገኝ የእጅ ኳስ ሜዳ ሄደ። ግድግዳው በሃርለም ሪቨር ድራይቭ ለሚያልፉ አሽከርካሪዎች ሁሉ ይታያል። ፈቃድ ሳይጠይቅ በትልልቅ ፊደል «ክራክ ኢዝ ዋክ» ብሎ ጻፈ፤ በጎዳና አነጋገር ክራክ የማይረባ ነገር ነው ማለት ሲሆን ሁለቱ ቃላት በእንግሊዝኛ ቤት ይመታሉ። ወጣት በማስጠንቀቂያ ስብከት አይመለስም፤ አደገኛው ነገር ፋሽኑ ያለፈበት መሳቂያ መሆኑ ሲነገረው ግን ይሰማል። መፈክሩ የቆመው በዚህ ግምት ላይ ነበር።

ፖሊስ ሄሪንግን በሥራው መጨረሻ ላይ ያዘው። ጋዜጦችና ቴሌቪዥን ሥዕሉን እየደጋገሙ በማሳየታቸው ጉዳዩ በቀላል የገንዘብ ቅጣት አለቀ። ግድግዳውን ግን ሌሎች ሰዎች መልእክቱን ገልብጠው ክራክን የሚያወድስ አደረጉት፤ የከተማው መናፈሻ ሠራተኞችም በቀለም ሸፈኑት። ከዚያ የመናፈሻዎች ኮሚሽነር ሄንሪ ስተርን ሄሪንግን ራሱ ጋብዞ ፈቃድ ሰጠው፤ ሠዓሊውም በጥቅምት 1986 መፈክሩን በአዲስ መልክ ሣለ። በዚያው ወር የበርሊንን ግንብ 300 ሜትር ያህል በጥቁር፣ በቀይና በቢጫ ሸፍኖታል።

በ1988 ኤድስ እንደያዘው ታወቀ። ሕመሙን አልደበቀም፤ በ1989 ለኤድስ ድርጅቶችና ለሕፃናት ፕሮግራሞች ገንዘብ የሚሰጥና ሥራዎቹን የሚያስተዳድር ፋውንዴሽን በስሙ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ለአክት አፕ የኤድስ ተሟጋቾች ቡድን በሠራው ፖስተር ላይ ድንቁርና ከፍርሃት፣ ዝምታ ከሞት እኩል መሆናቸውን በሒሳብ ምልክት አስቀመጠ፤ ከሥራቸው ዓይናቸውን፣ ጆሯቸውንና አፋቸውን በእጃቸው የከደኑ ሦስት ሰዎች ይታያሉ። ሄሪንግ የካቲት 16 ቀን 1990 በ31 ዓመቱ ሞተ።

የላፋዬት ጎዳናው ሱቅ ከሞቱ በኋላ 15 ዓመት ሠርቶ በ2005 ተዘጋ። የተሣለበት ጣሪያው ዛሬ የሚገኘው በኒውዮርክ ታሪክ ማኅበር ሙዚየም ውስጥ ነው። የሃርለሙ ግድግዳ በ2019 ታድሶ አሁንም ቆሟል፤ በዙሪያው ያለውን የመጫወቻ ሜዳም ሠዓሊውን የቀጣችው ከተማ «ክራክ ኢዝ ዋክ» ብላ ትጠራዋለች።