ማንዴላ በእግሩ የሄደበትን ሰፈር ማን ያስጎብኝ?

አዲስ አበባ የመጣ እንግዳ አንድ ቀን ብቻ ቢኖረው የት የት ትወስዱታላችሁ?

መልሱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ጠዋት እንጦጦ፣ ከዚያ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ ዘንድ፣ ቀጥሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ መርካቶን በመኪና መስኮት፣ ማታ ደግሞ ጭፈራ ያለበት የባህል ምግብ ቤት። ባለፉት ዓመታት አንድነት ፓርክና የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተጨምረዋል። ሁሉም መታየት ያለባቸው ናቸው። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ጉብኝት ከመርካቶ ወዲያ ወደ ምዕራብ አይሻገርም። ኮልፌና ቀራንዮ ለእንግዳ የሚታይ ነገር እንደሌለባቸው ሰፈሮች ተቆጥረው ቀርተዋል።

እንግዳው ደቡብ አፍሪካዊ ቢሆንስ?

ታሪኩን ከሥሩ እንየው። ኔልሰን ማንዴላ በጥር 1954 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1962) ከአገሩ በድብቅ ወጣ። ድርጅቱ ኤኤንሲ ከታገደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ የትጥቅ ክንፉ ደግሞ ከተመሠረተ ገና አንድ ወር ማለፉ ነው። መድረሻው አዲስ አበባ ነበረች። እዚህ በተደረገው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡባዊ አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄ ጉባኤ ላይ በገዛ ስሙ ቆሞ ተናገረ። በሕይወት ታሪኩ እንደጻፈው፣ ከካርቱም በተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ አብራሪው ጥቁር መሆኑን ሲያይ ደንግጦ ነበር። ጥቁር ሰው አውሮፕላን ሲያበርር አይቶ አያውቅማ! አፓርታይድ በነፃነት ታጋዩ አእምሮ ውስጥ ሳይቀር ምን እንደተከለ ያወቀው ያኔ ነው።

ከዚያ አፍሪካን ዞረ፣ ለንደን ደረሰ፤ ለወታደራዊ ሥልጠና ግን ተመልሶ አዲስ አበባ መጣ። የሠለጠነበት ቦታ ኮልፌ፣ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠራዊት ጠቅላይ መምሪያ ነበር። ወሩ ሰኔና ሐምሌ ነው። የኮልፌን የሐምሌ ጭቃ የሚያውቅ ሰው ሥልጠናው ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅተውም።

ማንዴላ ኮልፌ ላይ ምን እንደሠራ በዝርዝር ጽፏል። ተኩስ፣ ፈንጂ፣ አመሻሽ ላይ ትምህርት። ከሁሉ ግን ለእኛ ጉዳይ የሚሆነው የእግር ጉዞው ነው። ጠመንጃ፣ ጥይትና ውኃ ተሸክሞ ከአንድ ቦታ ተነስቶ በተወሰነ ሰዓት ሌላ ቦታ መድረስ ነበረበት። አገሩን ያየው በዚህ ጉዞ ነው። ጫካዎቹንና ደጋዎቹን አድንቋል፣ ገበሬው በእንጨት ማረሻ ሲያርስ አይቷል፤ የሰዉ ምግብ ቀላል፣ መጠጡም ቤት ውስጥ የሚጠመቅ መሆኑን፣ ኑሮውም ከደቡብ አፍሪካ ገጠር ኑሮ ብዙ እንደማይርቅ መዝግቧል። ያ መጠጥ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የመጽሐፉ ርዕስ ራሱ «ረጅሙ ጉዞ ወደ ነፃነት» ነው። ከዚያ ረጅም ጉዞ ውስጥ ጥቂቱ፣ ቃል በቃል በእግር የተሄደው፣ ከኮልፌ የተነሳ ነው።

የስድስት ወር ሥልጠና ታቅዶለት ነበር፤ በሳምንታት ተቋረጠ። ትግሉ ስለፈለገው ወደ አገሩ ተጠራ። ሲሄድ ያስተምሩት የነበሩት ኮሎኔል ታደሰ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጡት። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም (ኦገስት 5፣ 1962) አገሩ ውስጥ ተያዘ። ከዚያ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል፤ 27 ዓመት እስር።

አሁን ሁለት አገር እናወዳድር።

ጆሃንስበርግ አጠገብ ሪቮኒያ የሚባል ቦታ ሊሊስሊፍ የተባለ እርሻ አለ። ታጋዮቹ የተደበቁበት ነው፤ ማንዴላ ከኮልፌ ይዞት የሄደውን ሽጉጥ የቀበረውም እዚያ ነው። እርሻው በኋላ ሙዚየም ሆነ። ሽጉጡን ለማግኘት ሰዎች መሬት ቆፍረዋል፣ በዙሪያው የተሠሩትን ቤቶች ግቢ ሳይቀር ፈልገዋል። አልተገኘም። እነሱ ከኮልፌ የሄደ አንድ ሽጉጥ ፍለጋ አፈር ሲያገላብጡ እኛ ሽጉጡ የተሰጠበትን ሰፈር ለእንግዳ ማሳየት ትዝ አይለንም።

ሶዌቶ ደግሞ ቪላካዚ የሚባል መንገድ አለ። ማንዴላ የኖረበት 8115 ቁጥር ቤት እዚያ ነው፤ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም በዚያው መንገድ ላይ ቤት ነበራቸው። ሁለት የኖቤል ተሸላሚዎች በአንድ መንገድ! ቤቱ ቀይ ጡብ ለብሶ የቆመ ትንሽ ቤት ነው፤ ለዓይን የሚሞላ ነገር የለውም። እንግዳ ግን በእግሩ ይሄዳል፣ የሰፈሩ ልጅ ታሪክ ይነግረዋል፣ በ1976 የተማሪዎች አመፅ የተገደለው የሄክተር ፒተርሰን መታሰቢያ ድረስ ይዘልቃል፣ ሲርበው እዚያው መንገድ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች ገብቶ የሰፈሩን ምግብ ይበላል። ሶዌቶ እንግዳ የሚስብ ቤተ መንግሥት አልሠራችም። ታሪኩን ነገረች፤ ምሳውና ቡናው ከታሪኩ ጋር መጣ።

እኛስ ለምን እንዲህ አላደረግንም? ሁለት ምክንያት ይታየኛል።

አንደኛው የቱሪዝማችን አጀማመር ነው። ማንዴላ ኮልፌ በነበረባቸው ዓመታት አካባቢ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የኢትዮጵያን የቱሪስት ድርጅት አቋቁመው «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ለዓለም እያስተዋወቁ ነበር። ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ «የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት» መባላቸውም ይገባቸዋል። የዚያ ዘመን ጉብኝት ግን አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን የያዘ «ታሪካዊ መስመር» ነበር። አዲስ አበባ ከአውሮፕላን ወርደው የሚያድሩባት መተላለፊያ ሆነች። ታሪክ ማለት ድንጋይ ማለት ሆነ፤ የቆየ ቤተ መንግሥትና ውቅር ቤተ ክርስቲያን። የትናንት ሰፈር፣ የሰው እግር የረገጠው መንገድ፣ ታሪክ ሆኖ አልተቆጠረም። ይህ አመለካከት ከንጉሡ ዘመን ወደ ደርግ፣ ከደርግም ወደ ዛሬ ሳይነካ ተሻግሯል።

ሁለተኛው ምክንያት ፖለቲካ ነው። በግልጽ እንነጋገር። ማንዴላን ያሠለጠኑት ኮሎኔል ታደሰ፣ ታደሰ ብሩ ናቸው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከንጉሡ ጎን ቆመው ሙከራውን ካከሸፉት አንዱ ነበሩ። በኋላ ጄኔራል ሆኑ፤ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን ተቀላቅለው ስለ ኦሮሞ ሕዝብ መብት ተናገሩ፤ ያዳኑት መንግሥት አሰራቸው። በ1967 ዓ.ም ደግሞ ደርግ ረሸናቸው። የኮልፌን ታሪክ የሚተርክ አስጎብኚ ይህንን ሰው መዝለል አይችልም። ለአንዱ ጀግና፣ ለሌላው አጀንዳ የሆኑ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ዝምታን መረጠ። ሰውየውን ላለማንሳት ሲባል ሰፈሩም አብሮ ተረሳ።

እኔ ይህ ምክንያት አይበቃም ባይ ነኝ። ደቡብ አፍሪካዊያን በታሪካቸው ተስማምተው አይደለም ሙዚየም የከፈቱት፤ ዛሬም ይከራከራሉ። ክርክሩ ራሱ ለእንግዳ የሚነገር ታሪክ ነው።

«እሺ፣ እንግዳው ኮልፌ ቢመጣ ምን ይበላል?» የሚል አይጠፋም። ይህ ጥያቄ የቆየ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ሲከፍቱ፣ በገንዘብ ገዝቶ በሰው ፊት መብላት ለመኳንንቱ ነውር ስለነበር አጤ ምኒልክ ራሳቸው ሹማምንቱን ይዘው እየሄዱ እንዳለማመዷቸው ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤት ሲባል ዓይናችን ወደ ፒያሳና ወደ ቦሌ ይሄዳል። ሰፈር ውስጥ ያለው ግን ማስታወቂያ አይፈልግም። ጠላ ቤት በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ይደፋበታል፤ ያ ምልክት ከየትኛውም የስልክ መተግበሪያ በፊት የነበረ ነው። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ የት እንደሚጥም ለማወቅ በምሳ ሰዓት የቀን ሠራተኛውና ሹፌሩ የሚገቡበትን ቤት ማየት ይበቃል። ኮልፌ የመርካቶ ጎረቤት ናት፤ ጉራጌውም ስልጤውም ጋሞውም ኦሮሞውም አማራውም የሚኖርባት፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የየራሱ ሥጋ ቤት ያለው ሰፈር ናት። ክትፎና ቆጮ፣ ሽሮ፣ ጥብስ፣ ጀበና ቡና፤ ለማንዴላ ዘመን «ቀላል ምግብ» የሚቀርበውን የምታገኙት ጭፈራ ባለበት አዳራሽ ሳይሆን እዚህ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ትንሽ ነው። ካምፑ የፖሊስ ግቢ ስለሆነ እንደ ልብ ገብቶ ፎቶ ማንሳት ላይቻል ይችላል፤ ይገባኛል። ግን ከአጥር ውጭ አንድ የታሪክ ሰሌዳ ማቆም የማንንም ደኅንነት አይነካም። የቀላል ባቡሩ የምዕራብ ጫፍ ጦር ኃይሎች ነው፤ የእግር ጉዞው ከዚያ ቢነሳ መኪና እንኳ አያስፈልግም። ታሪኩን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ የሚናገሩ የሰፈሩ ወጣቶች ይሠልጥኑ፣ መታወቂያ ይሰጣቸው። ምሳው በሰፈሩ ሴቶች ቤት ይሁን። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፤ በየዓመቱ ከመላው አህጉር የሚመጣው እንግዳ ይህንን ታሪክ ሊሰማ የሚፈልግ ሰው ነው።

የምቸኩለው ለገንዘቡ አይደለም። በ1954 ዓ.ም 20 ዓመት የሆነው የፈጥኖ ደራሽ ወጣት ዛሬ 80ን ካለፈ ቆይቷል። ማንዴላን በዓይናቸው ያዩ፣ አብረውት የተሰለፉ፣ ምግብ ያቀረቡለት ሰዎች ከእንግዲህ ብዙ ክረምት አይጠብቁንም። ከተማዋም በፍጥነት እየተለወጠች ነው፤ በ2016 ዓ.ም ፒያሳ ላይ ሰፈር ሲነሳ አብሮት ምን ያህል ትዝታ እንደሄደ አይተናል። ኮልፌም ተራዋ ሲደርስ የሚጠፋውን ነገር ቀድመን ካልመዘገብን፣ ነገ ሰሌዳ ማቆም ብንፈልግ እንኳ ምን ብለን እንደምንጽፍበት አናውቅም።

የኮልፌና የቀራንዮ ልጆች፣ አባትህ ወይም አያትሽ የዚያ ዘመን የፈጥኖ ደራሽ አባል ከነበሩ ዛሬውኑ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ስልካችሁ ላይ ድምፃቸውን ቅዱ። አስጎብኚውም፣ ሰሌዳውም፣ ምግብ ቤቱም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።