ዘበኛውና ሌባው፦ የማህፀን በር ካንሰር ታሪክ በሰርቦ መንገድ ላይ

ሰርቦን የምታውቋት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ጅማ ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ የምታገኟት የቡና አገር ከተማ ናት። አብዛኞቻችን በአውቶቡስ መስኮት አይተን እናልፋታለን። ዛሬ የማወራችሁ ግን በዚያው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ስለሚጓዙ ሴቶች ነው።

ከ1997 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ከሃያ ዓመት በላይ በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። የማህፀን በር ካንሰር የጸናባት የሰርቦ ወይም የአጋሮ እናት ጨረር ካስፈለጋት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ወረፋ መጠበቅ ነበረባት። ካንሰሩ ደግሞ ወረፋ አያውቅም። በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ በሽታ ይያዛሉ፤ ከ5 ሺህ በላይ ይሞታሉ።

እስቲ ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1842 ሪጎኒ ስተርን የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም የቬሮና ከተማን የሞት መዝገብ ሲያገላብጥ አንድ ነገር ገረመው፤ ያገቡ ሴቶችን የሚገድለው የማህፀን ካንሰር መነኮሳይትን እምብዛም አይነካም። ምክንያቱ እስኪገኝ ከ140 ዓመት በላይ ፈጀ። ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውሰን በ1983 ኤችፒቪ 16 የተባለውን ቫይረስ፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ 18ኛውን ከካንሰሩ ውስጥ ለይቶ አወጣ። በ2008 ኖቤል ተሸለመ።

ግን ጥያቄ አለ። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍና እጅግ የተለመደ ነው። ታዲያ ለምን ሁሉም ሴት አትታመምም? ምክንያቱም አብዛኛዎቹን ሴቶች የገዛ ሰውነታቸው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያጸዳላቸዋል። የሚያጸዱት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው።

እነዚህ ሕዋሳት በካንሰር ዕጢ ውስጥ እንደሚገኙ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርሾ ያስተዋለው ገና በ1863 ነው። ነገሩ እንቆቅልሽ ነበር፤ ዘበኛው ሌባው ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያገኙት መልስ፣ ዘበኛ ሁሉ አንድ አይደለም የሚል ነው። ገዳይ ቲ ሴሎች የታመመውን ሕዋስ ያጠፋሉ፤ እነሱ በብዛት የገቡበት ዕጢ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሌሎች ቲ ሴሎች ግን ገዳዮቹን "ተዉ" እያሉ ያቀዘቅዟቸዋል። ማክሮፋጅ የሚባሉትም በዕጢው ተታልለው ደም ስር እንዲያበቅል ያግዙታል። ዘበኛው ከሌባው ጋር ተመሳጠረ ማለት ነው።

ዘበኛው ሲደክም ምን እንደሚመጣ እኛ በኤችአይቪ ዘመን አይተነዋል። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ስድስት እጥፍ ያህል ነው።

በ2015 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ካንሰሩ የተሰራጨባቸውን ዘጠኝ ሴቶች ቲ ሴል ከዕጢያቸው አውጥተው፣ አባዝተው መለሱላቸው። የሁለቱ ካንሰር ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ደስ ይላል፤ ግን ይህ ሕክምና ለሰርቦ እናት ገና ሩቅ ነው።

ቅርብ የሆነውስ? በዚያው 2015 የኤችፒቪ ክትባት በኢትዮጵያ ሲሞከር ከተመረጡት ሁለት ወረዳዎች አንዱ የጅማ ዞኑ ጎማ፣ የአጋሮ አገር ነበር። በታኅሣሥ 2018 ክትባቱ በመላ አገሪቱ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። በ2024 ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ብቻ ተሰጠ። ክትባት ማለት ሌባው ሳይመጣ መልኩን ለዘበኛው ማሳየት ነው።

እናቶቻችንና እህቶቻችን ግን ክትባቱ አልደረሰላቸውም። ለእነሱ ያለው ምርመራ ነው። የማህፀን በር ላይ እንደ አቼቶ ያለ ፈሳሽ ይቀባል፤ የተለወጠው ቦታ ይነጣል፤ ካንሰር ሳይሆን እዚያው በማቀዝቀዝ ወይም በማቃጠል ይወገዳል። ቫይረሱ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰጥቶን ነው የሚገድለን።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እናታችሁ ጋ ስትደውሉ "ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?" በሏት። ታፍራለች፤ እናንተም ታፍራላችሁ። ቢሆንም ጠይቋት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ?