ግምትና ክብር

እንግሊዞች «ኢስቲም» የሚሉት ግስ ዛሬ በአብዛኛው ሰውን ማክበር ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛ ወደ ቋንቋቸው ሲገባ ግን ትርጉሙ ዋጋ መተመን ነበር፤ ሥሩም የላቲኑ «ኤስቲማሬ» ነው። ከዚያው ሥር በኋላ «ኤስቲሜት» የተባለው ወንድሙ መጣና ሒሳቡን ተረከበ። አንዱ ገበያ ቀረ፣ ሌላው እልፍኝ ገባ።

አማርኛ ሁለቱን አልለያቸውም። ሞጆ ላይ በሬውን ሳይመዝን በዓይኑ ብቻ ተምኖ የሚገዛ ነጋዴ «በግምት ገዛሁ» ይላል፤ ያው ሰው ስለ ጎረቤቱ ሲያወራ «ትልቅ ግምት እሰጠዋለሁ» ይላል። «ከበረ»ም እንዲሁ ነው፤ ባለጸጋ ሆነ ማለትም፣ ተከበረ ማለትም ነው። «ከበርቴ» እና «ክቡር» የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ይህ ዝምድና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አይለኝም፤ ድኻውን ከደጅ የሚያስቀር ይመስለኛል።

ስለዚህም አዳማ ላይ የምሰማው ኦሮምኛ ያጽናናኛል። የመቂና የባቱ ሽንኩርት በሚዛን በሚሸጥበት በዚህ ከተማ ሽማግሌዎች ሲያመሰግኑ «ኡልፋዹ» ይላሉ። እንደ አማርኛው «ክበር» ነው፤ ሥሩ ግን ክብደት እንጂ ሀብት አይደለም፦ «ኡልፋታ» ከባድ፣ «ኡልፊና» ክብር። ዕብራይስጥም በዚሁ መንገድ ሄዷል፦ «ካቤድ» ከባድ፣ «ካቮድ» ክብር። አማርኛስ ቢሆን መች ፈጽሞ ዘነጋው? ያለዚያማ ወላጆች ልጃቸውን «ከበደ» ብለው ባልሰየሙት ነበር።